ለጋሽ ታዬ የተጠቀለለ ባሩድ

«ሻማውን ከዚያ አንሳ! ታዬን እሸኛለሁ ብለህ እኛን እንዳታስቀድም» አለችው እትዬ በለጡ ባሏን።

ባሏ አጎቴ ክፍሌ ነው። አንኮበር፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ባሩድ ዘርግቶ ተቀምጧል። ጋሽ ታዬ ደግሞ ከአጥር ወዲያ ያለው ጎረቤቱ፣ የሠርጉ ሚዜ ነው። አልሞተም። ችግሩም ይኸው ነው።

እኛ ከተሜዎች ለሐዘን መዘጋጀት አናውቅም። እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም፣ ደብረ ብርሃን፣ ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፤ ከእኛ የሚጠበቀው የስልካችንን ድምፅ ማጥፋት ነው። እሱንም እንረሳለን። ለጥየቃ በመጣሁበት እዚህ ግን ሰው ሐዘኑን በገዛ እጁ ይሠራል። አንዳንዴም ሟቹ ሳይሞት።

ሁለቱ ሽማግሌዎች በወጣትነታቸው ቃል ተጋብተዋል፤ ቀድሞ ለሞተው የቀረው ይተኩስለታል። የሚተኮስበት አጎቴ ከአባቱ የወረሰው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነው፤ የዛሬን ጥይት አያውቅም። እያንዳንዱን ጉድጓድ በባሩድ አጉርሶ፣ ጠቅጥቆ፣ አፉን በሰም መድፈን ያስፈልጋል። አጉርሶ እንዳያስቀምጠው የአንኮበር ጉም ባሩዱን ያረጥበዋል። ቀብር ላይ ቆሜ ልስፈር እንዳይል፣ እጁ ካለፈው ክረምት ወዲህ ብርጭቆ ውሃ እንኳ ሳያፈስ አፉ አያደርስም። ስለዚህ አስቀድሞ፣ ቀስ እያለ፣ በባዶ ቀለህ እየሰፈረ በአምና ካላንደር ወረቀት ይጠቀልላል። ለሐዘን ነውና እርሳስ የለበትም፤ ከባሩዱ በላይ የሚጠቀጠቀው በሶ ነው።

አዎ፣ በሶ። እኛ ለመንገድ የምንይዘው።

«ከግማሽ እንዳታሳልፍ» አለች እትዬ በለጡ። «በጥምቀት ስትተኩስ የተቃጠለው ጣትህ ገና ጥፍር አላበቀለም።»

አጎቴ ስድስተኛውን ጠቅልሎ ሳይጨርስ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ታዬ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ በዱላው ተደግፎ፣ ሐኪሞቹ «ቤትህ ሄደህ ዕረፍ» ብለው የመለሱት ጋሽ ታዬ፣ በራሱ እግር መጣ።

እስቲ ራሳችሁን በአጎቴ ቦታ አድርጉት። ተኝቷል ያላችሁት በሽተኛ ድንገት ገብቶ ለቀብሩ የምታሰናዱትን ባሩድ ጠረጴዛችሁ ላይ ቢያገኘው ምን ትሉታላችሁ? «አንተን ስናነሳ መጣህ»?

አጎቴ «ቁጭ በል» አለ።

ተቀመጠ። አንዱን ጥቅልል አንስቶ ፈታ፤ በሶውን በጣቱ ጫፍ ቀመሰ።

«ጨው የለውም።»

ከሥሩ ያለውን ባሩድ ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ። «ይቺ ናት የኔ? ክፍሌ፣ ይቺ እኮ ዶሮ አታስበረግግም!»

«በለጡ ናት ግማሽ ያለችው።»

«የምትቀብረኝ ሚስትህ ናት? ታች አሊዩ አምባ ገበያ ካልተሰማ ምኑን ተኮስከው? ሙላው!»

«ጣቱ ቢቆረጥ አንተ ታጎርሰዋለህ?» አለች እትዬ በለጡ።

«እኔማ ያኔ የት ተገኝቼ!»

ሳቅን። መሳቅ ነበረብን መሰለኝ። አጎቴ ግን አልሳቀም። ቀለሁን አነሳና ከቆርቆሮው ባሩድ ጨልፎ የተፈታውን ወረቀት ሊሞላ እጁን ዘረጋ። ግማሹ ጠረጴዛው ላይ፣ ግማሹ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። እንደገና ጨለፈ። በግራ እጁ ቀኙን ያዘው፤ አሁን ሁለቱም ተንቀጠቀጡ። ባሩዱ በሶው ሳህን ውስጥ ገባ። ጋሽ ታዬ ባሩዱን አልነበረም የሚያየው፤ የአጎቴን እጅ ነበር።

ከዚያ የፈታውን ወረቀት ራሱ መልሶ ጠቀለለ። የቀሩትንም አንድ በአንድ ለቀመና ሁሉንም የጋቢው ጫፍ ላይ ቋጠራቸው። የባሩዱን ቆርቆሮ ከድኖ ብብቱ ሥር ወሸቀ። ተነሳ።

«ወዴት ነው?» አለ አጎቴ።

«የኔ አይደሉም እንዴ? እኔ ጋ ይቀመጡ።»

«ታዲያ በምን ልተኩስልህ?»

«ያን ጊዜ መጥተህ ጠይቀኛ!»

እትዬ በለጡ ልትደግፈው ብድግ አለች። በዱላው መለሳትና ወጣ፤ በሩንም ከውጭ ራሱ ዘጋው።