ቅቤ የተቀባው ሽጉጥ

በሮቤ ሽጉጥ አዋቂ ቢፈለግ ጣት ሁሉ ወደ እኔ ይቀሰራል። ማንም አላስተማረኝም፤ ስፈታ ስገጥም ራሴን አስተማርኩ። ዓይኔም ቢሆን ማርጀቴን ገና አልሰማም።

ሽጉጥን እንደ ሙሽራ የሚኩል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የጎባው ነጋዴ ገመቹ እንደዚያ ነው። ለኢላማ ውድድር የሚያብረቀርቅ ሽጉጥ መረጠ፤ እጀታውን በብር አስለበጠ፤ ይባስ ብሎ ለምርቃት እስከ ውስጡ ቅቤ ቀባው! እኔ ግን ለመዳፌ የሚመች አሮጌ መረጥኩ። እጀታውን ከወይራ ጠርቤ በጣቶቼ ልክ አወጣሁት፤ ቃታውንም አለሰለስኩት።

የሮቤ ቡድን አለቃ በገመቹ ከተሸነፍኩ ቦታዬን ለወጣት እንደምለቅ ነግሮኛል።

ገመቹ ሽጉጤን ሲያይ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ ሽጉጥ ነው ወይስ የመጥረቢያ እጀታ?»

«ቆይ ብቻ፣ ልጄ፣ ስትሸነፍ ትለየዋለህ!» አልኩት።

ውድድሩ ጎባ ላይ በማለዳ ነበር። የጎባን ውርጭ የማያውቅ ማን አለ? የገመቹ ቅቤ እንደ ሞራ ረጋ። ቃታውን ቢስብ፣ ቢያሸው፣ በትንፋሹ ቢያሞቀው ንቅንቅ አላለም።

«ዋ ረቢ! ምን ነካው?»

«ገና አልነቃም፤ ቁርስ ስጠው!» አለ አንዱ ከተመልካች።

ዳኛው የገመቹ ሰዓት አለቀ አሉ። እኔ ተኮስኩ፤ መሃሉን በሳሁት። የሰነቴ አምባ ቀይ ቀበሮ ሳይቀር ጆሮውን ያቆመ ይመስለኛል።

እንግዲህ ሥራዬን ልቁጠርላችሁ፦ እጀታ ጠረብኩ፤ ጎባን በደጁ አሸነፍኩ፤ ቦታዬን አስከበርኩ፤ ገመቹንም በማግስቱ ለእጀታ የሚሆን ወይራ ተሸክሞ ደጄ እንዲቆም አደረግኩ።