ባዶው ማኅደር

ያ ክረምት ጭጋጉ ከዘቢዳር ተራራ ወርዶ እንሰቱ መሐል የሚተኛበት፣ ልብስ ገላ ላይ የሚሻግትበት ክረምት ነበር። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው። እንዲህ ያለ ዝናብ ሲመጣ ትዝ የሚሉኝ አባ ወልደአማኑኤል ናቸው። መቼም ቁልፍ ይዞ የተወለደ ሰው የሌለበት አገር የለም፤ አገር ቢቃጠል እሱ አይከፍትም።

ክቡርነታቸው የደብራችን ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበሩ። የብራና መጻሕፍቱ እንደ ጥንቱ እያንዳንዳቸው የቆዳ ማኅደራቸው ውስጥ ገብተው፣ ግድግዳው ላይ ከተተከሉት ችካሎች ተንጠልጥለዋል። አንድ የቡታጅራ ነጋዴ ቁም ሣጥን ቢሰጡ አባ ቆሏቸውን አስቀመጡበት። «የተኛ መጽሐፍ ሬሳ ነው፤ የተሰቀለ ይሰማል» ይላሉ። ስለዚህ እዚያ ደጃፍ ሐሜት አይወራም።

ጠዋት ጠዋት ማኅደሮቹን በየስማቸው እየጠሩ ይሳለማሉ፤ ጥግ ያለውን ባዶውንም። የሱ መጽሐፍ አንድ ክረምት ለሕመምተኛ በውሰት ወጣና፣ በጅማ መንገድ ሄደ ተባለ፤ በዚያው ቀረ። ባዶው ግን ነፋስ በሌለበት ብቻውን ይወዛወዛል። ከደጃፉ ቆሜ አይቻለሁ። አባ እጃቸውን ያሳርፉበትና፣ እንደሚያባብሉት ልጅ፣ «ይመጣል» ይሉታል።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ በክረምት አይወጣም፤ ሹም ቢልክም፣ ባላባት ቢቆጣም።

በዚያ ክረምት እናቴ ወለተ ሐና በንዳድ ተያዘች። ወንዙ ሞልቶ ሐኪም ዘንድ የሚያደርስ መንገድ የለም። በደብሩ የገድል መጽሐፍ አሹኝ እያለች ትለምናለች። ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድኩ።

«አባ፣ እናቴ ልትሞትብኝ ነው።»

«ዝናቡን አታዪም ልጄ? ብራና ውሃ ከነካው አለቀለት።»

«እንግዲያው እሷን አዝዬ ላምጣት?»

ባዶው ማኅደር ተወዛወዘ። ሁለታችንም አየነው። ገድሉን አወረዱ።

ጋቢያቸውን ለመጽሐፉ አልብሰው፣ እሳቸው በቀሚስ ብቻ ዝናቡን ጠጡት፤ እኔ ከላይ የእንሰት ቅጠል ይዤ እከተላለሁ። የገድሉን ማንገቻ ጠፍር ቀኝ እጃቸው ላይ ቋጥረውታል። እናቴን ሲያሹም አልፈቱትም፤ ቆጮ ቢቀርብላቸው በግራ እጃቸው በሉ፣ ጉድ አሰኙን። በኋላ እናቴን ላብ አጠመቃት፤ ውሃ ስጡኝ አለች።

ገድሉን ልንመልስ ሄደን ቁልፉን ሲከፍቱ፣ ባዶው ማኅደር ችካሉ ላይ የለም። በሩ ሥር ወድቋል። ቤቱ አያፈስም፤ የባዶው ጠፍር ግን ጭቃ ነበር።

«ተከትሎን ነበር» አሉ፣ ዶሮ ያመለጠቻቸው ያህል እንኳ ሳይደነግጡ። እኔ አልሳቅሁም።

የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ ንፉግ ይላቸዋል። ይበል። እኔ ዝናብ ሲመታኝ ያ እርጥብ ጀርባቸው ፊቴ ላይ ይመጣል።

መስከረም ሲጠባ ቁልፉን አስረከቡ፤ ከደብሩ የጠየቁት ባዶውን ማኅደር ብቻ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ያየቻቸው ቅቤ ነጋዴዋ ሀሊሜ ናት፤ ወልቂጤ ላይ፣ ማኅደሩን አንግተው፣ ከባድ እንደተሸከመ ሰው ጎብጠው፣ በጅማ መንገድ በእግራቸው ሲሄዱ።