ግድግዳ ላይ የወጣው እንቁላል

«ልጄ በሰባት ዓመቷ ማንበብ ቻለች» ብሎ የሚደሰት አባት፣ ቤቱ ውስጥ የሚደብቀው ነገር የሌለው አባት ነው። ቢቸና ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካወቃችሁ አስተዋውቁኝ...

ልጄ ትዕግሥት አንደኛ ክፍል ናት። አስተማሪዋ አዲስ ዘዴ አምጥታለች። በየጠዋቱ «ትናንት ቤታችሁ ምን ነበር?» ትላቸዋለች። አንዱ ያወራል፤ ያንኑ ወሬ ትልቅ ወረቀት ላይ አብረው ይጽፉታል። አንዱ አንድ ፊደል፣ ሌላው ሌላ ፊደል... የጠመመውን ተጋግዘው ያቃናሉ፣ በአንድ ድምፅ ያነቡታል፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል።

እኔ ተቃወምኩ። የማልቃወመው ነገር ጥቂት መሆኑን ታውቃላችሁ። እኛ ፊደል የቆጠርነው በዜማ ነው። ገበታው ተገልብጦ ቢሰጠን እንኳ አንዲት ሳንስት እንወርደው ነበር። ከዚህ በላይ ምን ዕውቀት አለ?

በሁዳዴ መሀል የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። የንስሐ አባቴም የልጅ ልጃቸው እዚያ ስለሚማር ከፊት ተቀምጠዋል። ተነሥቼ፣ «ይህ ወሬ ማስተማር እንጂ ንባብ ማስተማር አይደለም። እስቲ አንድ ልጅ ያንብብልን» አልኩ።

«የእርስዎ ልጅ ትሞክረዋ» አለች አስተማሪዋ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

ትዕግሥት ወደ ግድግዳው ስትሄድ ዓይኔ ቀድሟት ደረሰ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «እማዬ ሞጣ ሄደች። አባዬ በሩን ዘግቶ እንቁላል በላ።»

ባለፈው እሑድ የንስሐ አባቴ «ጾሙ እንዴት ይዞሃል?» ሲሉኝ፣ አንገቴን ደፍቼ «በጸሎትዎ» ብያቸዋለሁ። ዓይናቸው ስለደከመ ወረቀቱን አያዩትም። እንግዲህ ተስፋዬ የልጄ መሃይምነት ብቻ ነበር። ልጄ ማንበብ እንዳትችል የተሳልኩ የመጀመሪያው አባት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

«እ... ማ... ዬ...» አለች፣ በጣቷ እየነካች። «በሩን ዘግቶ» ላይ ስትደርስ፣

«ይበቃል፣ አይተናል» አልኩ።

«ተዋት እንጂ» አሉ የንስሐ አባቴ። «ቀጥይ ልጄ። በሩን ዘግቶስ?»

ጨረሰችው። አንድ ፊደል አልሳተችም። እንዲያውም «እንቁላል» የሚለውን ደግማ አነበበችው።

«ስንት ነበር?» አሏት።

«አራት፣ አባ። ወረቀቱ አልበቃንም።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ንባቡስ ሠምሮላታል። አንተ ደግሞ እሑድ ብቅ በል።»

በማግስቱ ሽሮዬ ሲቀርብ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ልጄን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት።

«ምን እየበላሁ ነው?»

«ሽሮ።»

«በደንብ አይተሻል?»

«አይቻለሁ፣ አባዬ።»

«በይ፣ ነገ ይህንኑ ንገሪያቸው።»

ነገረቻቸው። አሁን ከእንቁላሉ ሥር፣ በጎበጡ ፊደሎች፣ እንዲህ የሚል ተለጥፏል፦ «አባዬ ‹እዪኝ፣ እዪኝ› እያለ ሽሮ በላ።»