የባባ የከፈይ ጫማዎች

ለቤት ጫማ የሚጨነቅ ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጅዳ ውስጥ አንዱ ቤት ተቀጥሬያለሁ። ባባ የምለው አሠሪዬ የከፈይ ጫማ የሚመርጠው በእንግዳው ክብር ነው፤ ለአማቱ ጥቁሩን፣ ለጎረቤት ቡናማውን። ምንጣፉ ጋ ሲደርስ ግን ያወልቀዋል። እኔ በየቀኑ በለስላሳ ብሩሽ የከፈዩን ጠጉር ወደ አንድ አቅጣጫ አስተኛለሁ።

መካ ያለችው እህቴ ስትወልድ፣ «ባባ፣ ጁምዓ ሄጄ ልያት» አልኩት።

«ጫማዎቹንስ ማን ይቦርሻል?»

«ከፈይ በሳምንት አንድ ቀን ካላረፈ ጠጉሩ ይረግፋል። የሸጠልህ ሰው አልነገረህም?»

ፊቱ ተለወጠ። «ወላሂ?»

መሐላውን ዘልዬ፣ «ምስኪኖች፣ ደክሟቸዋል» አልኩ።

«ኸላስ! ጁምዓ ይረፉ!»

ሁለት ዓመት የለመንኩት ዕረፍት ለጫማ ወዲያው ተፈቀደ። አሁን ጁምዓ ጁምዓ እነሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ይተኛሉ፤ እኔም ሥራ ስለማጣ መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር ሄጄ የእህቴን ልጅ አቅፋለሁ።