የደበቀችው ዓምድ

ሆሳዕና መናኸሪያ አካባቢ አንድ ባጃጅ አለ፤ ጀርባው ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል። ምቀኛ ምን ያደርግለታል? ጎማ ይቀይርለታል? እያልኩ ስስቅ ኖሬአለሁ። አሁን አልስቅም። ለምን መሰላችሁ?

የምሠራው የገበሬዎች ዩኒየን መዝገብ ቤት ነው። ከፎንቆም ከሾኔም ገበሬው «ዘሬ ደርሷል?» ሊል ይመጣል። እኔ በመስኮቴ አጮልቄ፣ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አድርጌ፣ «ደርሷል» ወይም «ነገ ና» እላለሁ። «ጋሼ ላምቤቦ» ሲሉኝ ደስ ይለኛል። መቼስ ሰው አይደለሁ?

ታዲያ ምሕረት የምትባል ልጅ ተቀጠረች። የሾኔ ልጅ ናት፣ ኮምፒውተር የተማረች። በገባች በወሩ ለሥራ አስኪያጃችን፣ ዳታቤዙን ድረ ገጽ ላይ እናውጣው፣ ገበሬው እቤቱ ሆኖ በስልኩ ይየው አለቻቸው። እሳቸውም፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ አሏት። እኔስ የት ነበርኩ? ቀናሁ። አልዋሽም፣ ምሳ አልበላ እስኪለኝ ቀናሁ።

የሰርቨሩ ፓስወርድ በእኔ እጅ ስለሆነ ሴቲንጉን ያስተካከለችው አጠገቤ ቁጭ ብላ ነው። የትኛው ዓምድ ለሕዝብ ይታይ፣ የትኛው ይደበቅ፣ የሚታየውን ራይት እያደረገች ትመርጣለች። ስም፣ ይታይ። የዘር ዓይነት፣ ይታይ። «ማስታወሻ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝና፣ ይሄ ይቅር ጋሼ አለች። ማስታወሻ እኮ የእኔ ዓምድ ነው! ያን ሁሉ ዓመት በሁለት ጣት እየለቀምኩ የጻፍኩት። የእሷ ሥራ አደባባይ ሊወጣ፣ የእኔ ሊደበቅ? ቆይ ብቻ አልኩ በሆዴ። ለምሳ ስትወጣ ራይት አደረግኩት።

ምን ምን እንደጻፍኩበት ግን ረስቼ ነበር።

የድረ ገጹ ምረቃ ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። የፎንቆው አቶ አኑሎ ስልካቸውን አወጡ፣ ስማቸውን ፈለጉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፦ «አኑሎ። የስንዴ ዘር። ደርሷል። ማስታወሻ፦ ወሬ ያበዛል፤ ዘሩ ቢደርስም ነገ ና በለው።»

ከዚያ ሁሉም የየራሱን መፈለግ ጀመረ። አንዱን «ሰላምታው ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል» ብዬዋለሁ። የሥራ አስኪያጁ አባትም አባል ናቸው፤ እሳቸውን ያልኩትን አልነግራችሁም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሽማግሌ ይዤ ይቅርታ ጠየቅኩ። አቶ አኑሎ ይቅር ብለውኛል፤ ይቅር ያሉኝ ግን ሙሉ ጠዋት አውርተው ነው። ለካ ምሕረት ዓምዱን ቀድማ አንብባው ኖሯል። በአባቷ ስም ሥር «ልጄ ተማረች እያለ ጉራ ይነዛል» ብዬ ነበር። «ሰው እንዳይቀየምህ ብዬ እኮ ነው የደበቅኩት ጋሼ» አለችኝ፣ ቁጣ እንኳ ሳይታይባት። ይሄኔ ምን ተሰማኝ? በደግነቷም ቀናሁባት።

ወሬው አዲሎ ድረስ ሄደ። ድረ ገጽ ምን እንደሆነ የማያውቀው ሁሉ፣ ላምቤቦ እኔን ምን ብሎኛል እያለ ስልክ ያለው ሰው ፍለጋ ተነሣ። ዓምዱን መልሳ ብትደብቀውም ገበሬው የድረ ገጹን መግቢያ ለመደው። አሁን ዘሩ መድረሱን እዚያው አይቶ ነው የሚመጣው። መስኮቴ ጋ የሚቆም የለም። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ፣ ሕዝቡን በአንድ ሳምንት ስልክ ያስለመደች ብለው አስጨበጨቡላት። እኔም አጨበጨብኩ።

ስወጣ ያ ባጃጅ በር ላይ ቆሟል። ጀርባውን ደግሜ አነበብኩት። ለካ ጸሎት ነው። ለምሕረት ተሰምቶላታል፤ የተላክሁላት እኔ ነኝ።