ሽማግሌ ላይ የተቆለፈ በር

የመኪና በር ልባስ ፈታችሁ ታውቃላችሁ? እዚያ ከውስጥ በኩል ክርናችሁን የምታሳርፉበትን ማለቴ ነው። ካልፈታችሁ ተባረኩ፣ አትፍቱት። እኔ ፈትቻለሁ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያውን ጂንካ፣ ግቢዬ ውስጥ፣ እያፏጨሁ። ሁለተኛውን ገዘር፣ በሰው ደጃፍ፣ ላቤ እየተንጠፈጠፈ።

አንዲት አሮጌ የቤት መኪና አለችኝ። የኋላ ቀኝ መስኮቷ አልወርድ አለኝ። ጋራዥ መውሰድ ነበረብኝ አይደል? የለም! እኔ እኮ በስልክ ቪድዮ አይቼ የቤቴን ቧንቧ የጠገንኩ ሰው ነኝ። የቧንቧውን ነገር ለጊዜው ተዉት። ቪድዮው ላይ ሰውየው ሁለት ብሎን ፈታ፣ ጎተተ፣ ልባሱ ተነሳለት። ፈገግ እንኳ አለ። እኔም ፈታሁ፣ ጎተትኩ፣ ተነሳልኝ። መስኮቱን አስተካከልኩና መልሼ ገጠምኩ። አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ነገር ተረፈችኝ። እስቲ ፈትቶ ገጥሞ ምንም ያልተረፈው ወንድ አለ? ፋብሪካው አብዝቶ ይሆናል አልኩና ጣልኳት።

ለካ ያቺ ፕላስቲክ የበሩን እጀታ ከመቆለፊያው ጋር የሚያገናኘውን ቀጭን ዘንግ ይዛ የምትኖር ናት። ይህንን ያወቅኩት ሽማግሌ በላክሁበት ቀን ነው።

ምሕረት ጂንካ አንድ ቢሮ ትሠራለች፤ ወላጆቿ ገዘር ናቸው። አባቷ አቶ ማርቆስ ስሜን እንጂ መልኬን አያውቁም። ሽማግሌዎቼ ጠዋት እንዲገቡ ተቀጥሯል። ዋዜማውን ምሕረት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ከወይጦ አንድ የከብት ነጋዴም ሽማግሌ ልኳል፣ እነሱም ነገ ይመጣሉ አለችኝ። አባባ ቀጠሮ የሚያፈርስ ሰው አይወድም፣ የናንተ ከዘገዩ እነሱን ያስገባል፣ ከዚያ ወዲያ እኔ ምን አቅም አለኝ አለችኝ። እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

መቼም ታውቃላችሁ፣ ሽማግሌ የላከ ልጅ በዚያን ቀን በልጅቷ ደጅ አይታይም። ነውር ነው። ታዲያ ምን ይደረግ? ሊነዳልኝ የነበረውን ጓደኛዬን በማለዳው ወባ ጣለው። ሦስት ሽማግሌ በባጃጅ ገዘር ድረስ ይላካል እንዴ? ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ደፋሁና ራሴ መሪ ጨበጥኩ። ሐሳቤ አድርሼያቸው ከኩርባው ጀርባ ልሸሸግ ነው።

ከፊት ጋሽ ኤልያስ ተቀመጡ። ከኋላ በቀኝ ጋሽ ወልዴ፣ አጠገባቸው ጋሽ በቀለ። ጋሽ ወልዴ የሁሉም ታላቅ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ሰፊ ሰው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው። መንገዱን ሁሉ ሲጸልዩልኝ ሄዱ። ገዘር በሰዓታችን ደረስን። ደስ ብሎኝ ልሞት ነበር።

ጋሽ ኤልያስ ወረዱ። ጋሽ ወልዴ እጀታውን ሳቡ። ጂንካ ላይ የተከፈተላቸው በር ዝም። እኔ ከውጭ ሳብኩ። ዝም። እጀታው ብቻ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፣ ከበሩ ጋር ተጣልቷል። ግራውስ በር ትሉኝ ይሆናል። ግራው መንገድ ላይ በራሱ እየተከፈተ ስላስቸገረኝ ድሮ አስበይጄዋለሁ! አዎ፣ እሱም የኔው ብልሃት ነው።

በሹክሹክታ፣ ጋሽዬ በፊት ወንበር በኩል ተሻግረው ቢወጡስ አልኳቸው። ጋሽ ወልዴ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ልጅ ልለምን መጥቼ በሰው ደጅ እንደ ፍየል ልዝለል ወይ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጋሽ ኤልያስ ብቻቸውን ይግቡ እንዳይባል ታላቅ ሳይቀድም ታናሽ አይገባም። ሽማግሌዎቼ እንግዲህ ደጁ ላይ ደርሰው አልደረሱም።

ካቻቢቴ ይዤ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ሾለክሁና በጋሽ ወልዴ ጭን ላይ ተንጋለልኩ። በር ተዘግቶ ልባስ መፍታት ምን እንደሆነ ያ ፈገግ ያለው የቪድዮ ሰውዬ አያውቀውም። የእጀታውን ብሎን ፈታሁ። የመስኮቱን ማዞሪያ የያዘችውን ትንሽ ሞላ ለማውጣት የጋሽ በቀለን መሐረብ ከኋላው አስገብቼ ወዲያ ወዲህ ስፈትግ፣ ሞላዋ ተስፈንጥራ የት እንደገባች አንድዬ ይወቅ። ጋሽ ወልዴ ከላዬ ጮክ ብለው፣ ጌታ ሆይ የተዘጋውን ክፈት እያሉ ይጸልያሉ። እኔ ፈርቻለሁ። 

በዚህ መሃል የግቢው በር ተከፈተና አቶ ማርቆስ ወጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ረጋ ያሉ ሰውዬ። ኮፍያዬን ወደ አፍንጫዬ አወረድኩ። ምን ሆናችሁ አሉ። ጋሽ ኤልያስ በሩ ተበላሽቶ ነው አሉ። ይሄ ደግሞ ማነው ሲሉ ጋሽ ኤልያስ ሰማይ ሰማዩን አዩና፣ የሚነዳልን ልጅ ነው አሉ። አልዋሹም እኮ!

አቶ ማርቆስ ለንፋስ ብለን ዝቅ ባደረግናት መስኮት አጎንብሰው አዩን። ሽማግሌ ሲለምን ፈቃድ እስኪያገኝ አልቀመጥም ይላል፣ እናንተ ደግሞ አንነሳም ብላችሁ መጣችሁ አሉ። ማንም አልሳቀም። ከቤት ቢላዋ አምጥተው በመስኮቱ አቀበሉኝ። ቀስ ብለህ ከታች ጀምር፣ በአንዴ አትጎትት አሉኝ።

የዚያን ጊዜ ከቁልቁለቱ የጭነት መኪና ድምፅ ሰማሁ። የወይጦዎቹ!  ቢላዋውን ከታች ሰካሁና በሙሉ ጉልበቴ ጎተትኩ። ቋ! ልባሱ ከመሃሉ ተሰነጠቀ። እኔም የመኪናዋን ሰባት ትውልድ ተሳደብኩ። ጋሽ በቀለ ጆሯቸውን ያዙ።

«ከአያያዝ ይቀደዳል» አሉ አቶ ማርቆስ ከውጭ።

«አባቴ፣ ካወቁበት ለምን እርስዎ አይፈቱትም!» አልኳቸው።

አዎ፣ ብያለሁ። ለምሕረት አባት! ጋሽ ወልዴ ጸሎታቸውን አሜን ሳይሉ አቆሙ። አቶ ማርቆስ ግን ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። እኔማ ውጭ ነኝ፣ ውስጥ ያለኸው አንተ ነህ አሉኝ። አፈርኩ፤ ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። የቀረውን ልባስ ገነጠልኩና የቆርቆሮው ስለት እየቧጨረኝ እጄን እስከ ክርኔ ወደ በሩ ሆድ ሰደድኩ። የወለቀችው ዘንግ ተንጠልጥላለች። ያዝኳት፣ ሳብኳት፣ ጠቅ አለች፤ በሩ ተከፈተ።

ጋሽ ወልዴ ወረዱ። ኮታቸውን አራገፉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው በዝግታ ቀድመው ገቡ። ወዲያው የጭነት መኪናው ደርሶ ቆመ። ሦስት ሽማግሌዎች ወረዱ። በራቸው እንዴት ይከፈታል! የቤቱ ሰው ወጥቶ፣ እንግዶች ቀድመው ገብተዋል፣ ጥቂት ታገሡ አላቸው። እኔ የተሰነጠቀ ልባሴን ታቅፌ ቁጭ ብያለሁ። እጄ ይደማል። ውስጥ ምን እየተባለ ነው? ምሕረትን በአፌ አጣኋት እያልኩ ራሴን እረግማለሁ።

ብዙ ቆይተው ወጡ። የጋሽ ኤልያስ ፊት አይነበብም። መኪናዋን አስነስቼ ኩርባውን አለፍኩ።

«ሰጥተዋል» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ፍሬን ያዝኩ። አቅፌ ልስማቸው ዞርኩ። ቆይ አሉኝ። አቶ ማርቆስ የልጁ ጸባይ እንዴት ነው ብለው ጠይቀዋል። ጋሽ ወልዴም፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ጸባዩን የሚያማ ሰው አልሰማንም ብለው መልሰዋል። አቶ ማርቆስም፣ ይሁን፣ ለልጁ ሰጥቻለሁ፣ ያ ሹፌር ግን ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጥ ብለዋል።

ምን ልበላችሁ! ልጅቷ ተሰጥታኛለች፣ ደጁ ተከልክሎኛል። እስከ ሰርጉ ድረስ ምግብ አልበላልኝ አለ። ጢም ላሳድግ? ጢሜን ልላጭ? ምሕረት ትስቅብኛለች እንጂ አትረዳኝም። በደጅ ቢመልሱኝስ? ሚዜዎቼ ፊት፣ ዘመድ አዝማድ ፊት!

ቀኑ ደረሰ። በተውሶ መኪና፣ በሙሉ ልብስ፣ ገዘር ገባሁ። ዝማሬው ደምቋል። አቶ ማርቆስ ደጁ ላይ ቆመዋል። ወርጄ አንገቴን ደፍቼ ቀረብኩ። ከጫማዬ እስከ ፀጉሬ አዩኝ። እጄ ላይ ያለውን ጠባሳ አዩ።  አልፈውኝ ወደ መኪናው ሄዱ። የኋላውን በር ከፈቱ፣ ዘጉ፣ እንደገና ከፈቱ፣ ዘጉ። ከዚያ ተመልሰው መጡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ ምሕረት ከኋላ ነው የምትቀመጠው» አሉኝ። «የሚነዳው ሌላ ሰው ነው፣ አይደል?»