ሰማይን በርስት የያዙት ዶን ጉመርሲንዶ

በየመንደሩ ሰማይን በርስትነት የያዘ አንድ ሰው አይጠፋም። እዚህ ዩካታን ውስጥ እንዲያውም በየመንገዱ ነው። በእኛ መንደር ግን ክቡር ዶን ጉመርሲንዶ ፖት ለሌላ ተፎካካሪ ቦታ አልተዉም።

ከቤታችን ጀርባ፣ የጥንት አባቶቻችን ኮከብ ሲጠብቁ የኖሩበት ክብ ግንብ አለ። ግማሹ ፈርሷል፤ አናቱ ላይ ጠባብ መስኮቶች ቀርተውለታል። አስጎብኚ እንግዳ ይዞ በመጣ ቁጥር ዶን ጉመርሲንዶ ከኋላ ተጠግተው ያዳምጡና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«ልጄ፣ ታላቁ ኮከብ በየትኛው መስኮት ይታያል አልክ?»

«በዚህኛው፣ ዶን።»

«እሱ እኮ የፈረሰ ግድግዳ ነው። በእሱ የሚያየው እንሽላሊት ብቻ ነው።»

ሚስታቸውን ጥርስ ቢያማት፣ አውቶቡስ ቢዘገይ፣ ዶሮ መጣል ብታቆም፣ «አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር» ይላሉ። እኔ ክርክር አይሆንልኝም። «ልክ ነው፣ ዶን» ብዬ እለያቸዋለሁ፤ መልሱ የሚመጣልኝ እራት ላይ ነው።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ያምናው ድርቅ ጎተራችንን አራቁቶት ለዘር የቀረኝ አንድ ቅል በቆሎ ነበር። አንድ ቀን ፀሐይ እንደጠለቀች ዶን ጉመርሲንዶ ከግንቡ እየተጣደፉ ወርደው ደጃፌ ላይ ቆሙ።

«ኮከቡ የመስኮቱን ጠርዝ ነክቷል። ነገ ዝራ፤ ዝናቡ መንገድ ላይ ነው።»

«ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነው፣ ዶን።»

«አባቶቻችን ደመና ለማየት ብለው ያን ሁሉ ድንጋይ የተሸከሙ ይመስልሃል?»

ዘራሁ። ዝናቡ ቀረ። ዘሬን ወፍና ጉንዳን ተካፈሉት።

«አሁን እንግዲህ ኮከቡን ቀቅለን እንብላ?» አለችኝ ባለቤቴ።

ብዙ ሳይቆይ ዶን ጉመርሲንዶ ቅል ሙሉ ዘር ይዘው መጡ። «ኮከቡ አልተሳሳተም፤ የዘገየው ዝናቡ ነው። በል ያዝ» አሉና ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

በማግስቱ ሚስታቸውን ዶኛ ፊሊበርታን የውሃ ጉድጓድ ዳር አገኘኋት። «የእኛንም ዘር ወፍ ጨርሶታል» አለችኝ። «የቀረን ያ ላንተ የሰጠው ቅል ነበር። እንዳትነግረው፤ ለምን ነገርሽው ብሎ ያኮርፈኛል።»

ቅሉን ይዤ ማሳቸው ድረስ ሄድኩ። ከምሥራቅ ጥቁር ደመና ተነስቷል።

«ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እኔ ጋ እንዝራ» አልኳቸው።

«ዛሬማ አይሆንም። ጨረቃ እስክትሞላ ጠብታ አይወርድም።»

«ግድ የለም፣ ዶን፤ ዘሩ ይጠብቃታል።»

እያጉረመረሙ ሹሉን ዱላቸውን አነሱ። እሳቸው መሬቱን ይወጋሉ፣ እኔ ፍሬውን እጥላለሁ። የእሳቸውን ጨርሰን ወደ እኔ ማሳ ስንሻገር ዝናቡ ያዘን። ዶን ጉመርሲንዶ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ውሃው በአፍንጫቸው ጫፍ እየወረደ፣ ይህ እውነተኛው ዝናብ አለመሆኑን ያስረዱኝ ጀመር። ቀይ ጭቃው ቁርጭምጭሚታችን ደርሷል። እሳቸው ገና አልጨረሱም፤ እኔም እንዲጨርሱ አልፈለግሁም።